«የማንስፌልድ ማዕድን በረከት» የሚል የፕሩሲያ ብር፤ የሚያከብረው ቆፋሪውን ነው ወይስ ጉድጓዱን?

አሮጌ ኪስ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጀርመን ነው። ባለፈው እሑድ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ከማንኪያና ከሹካ ክምር ሥር አንድ የብር ሳንቲም አገኘሁ። ፊቱ ላይ የፕሩሲያው ንጉሥ አራተኛው ፍሬድሪክ ቪልሄልም አለ፤ ከአንገቱ በታች «ኤ» የምትል አንዲት ፊደል ተቀርጻለች። ዓመቱ 1847 ነው። ሻጯ አልፈልገውም ባልኩ ቁጥር ዋጋ እየቀነሰች፣ በመጨረሻ ራሴ አፍሬ ገዛሁት።

ልቤን የወሰደው ጽሑፉ ነው። «ዜገን ዴስ ማንስፌልደር ቤርግባውኤስ» ይላል፤ «የማንስፌልድ ማዕድን በረከት» እንደ ማለት ነው። ገንዘብ ላይ የሠራተኛ ላብ ሲከበር ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ ደስ አለኝ፤ ከአሁን በኋላ ማዕድን ቆፋሪዎችን የሚያከብሩ የ19ኛው መቶ ዘመን የጀርመን ብሮችን ብቻ ልሰበስብ ወስኛለሁ።

ነገር ግን አንድ ጎረቤቴ አይቶት «ታለር፣ ይህ ዓይነቱ የድሮ የጀርመን የብር ገንዘብ፣ 18 ግራም ተኩል ነው የሚመዝነው፤ ያንተ 22 ስለሆነ ሐሰተኛ ነው» አለኝ። እውነት ነው? ደግሞም ጠርዙ ላይ፣ ከንጉሡ ራስ በላይ በሚውለው በኩል፣ ትንሽ እብጠት አለ። የምታውቁ እርዱኝ።

ጠገራ

ልጄ፣ ጎረቤትህ የተናገረው እውነት ነው፤ የተሳሳተው ዘመኑን ነው። 18.52 ግራም የሚመዝነው ታለር የመጣው ከ1857ቱ የቪየና የገንዘብ ውል በኋላ ነው። ያንተ ከዚያ በፊት 10 ዓመት ቀድሞ የታተመ ስለሆነ በቀድሞው ሕግ ይዳኛል።

ጀርባውን በአጉሊ መነጽር ተመልከተው። በሮማ ቁጥር አሥራ አራት፣ ቀጥሎም «አንድ ንጹሕ ማርክ» የሚል አሕጽሮት ታገኛለህ። ማርክ እዚህ ላይ የገንዘብ ስም አይደለም፤ የኮሎኝ ከተማ የብር መመዘኛ ነበረ፣ 233.855 ግራም። ከዚያ ንጹሕ ብር 14 ታለር ይወጣል ማለት ነው፤ ብታካፍለው ለእያንዳንዱ 16.7 ግራም ንጹሕ ብር ይደርሰዋል። በጊዜው ከመቶ 75 እጅ ብር፣ ቀሪውን መዳብ አድርገው ስለሚቀላቅሉት ሳንቲሙ 22.27 ግራም ይሆናል። ከ1857 በኋላ መለኪያው 500 ግራም የሚመዝነው ፓውንድ ሆነና ከእርሱ 30 ታለር ይወጣ ጀመር፤ ብሩም ከመቶ 90 ሆነ። ቅይጡ ስላነሰ ክብደቱም ወደ 18.52 ወረደ እንጂ ውስጡ ያለው ንጹሕ ብር ከቀድሞው እምብዛም አልተለወጠም።

አሁን የሚገርምህን ልንገርህ። አያቶቻችን ከጉያቸው የማያወጡት ጠገራ ብር፣ የማርያ ቴሬዛዋ፣ ከዚያው ማርክ 10 የሚወጣ ነበር። 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ብሩ ከ1,000 እጅ 833 ነው። የሳክሶኒ መንግሥት «የማዕድን በረከት» እያለ ያሳትማቸው የነበሩት ታለሮችም እስከ 1838 ድረስ በዚሁ በአሥሩ ሥርዓት ነበሩ። እና አንድ የድሮ የሳክሶኒ የማዕድን ታለር በአንድ እጅህ፣ ጠገራን በሌላው እጅህ ብትይዝ፣ ዓይንህን ጨፍነህ በክብደት አትለያቸውም። እኔ ሞክሬዋለሁ።

«ኤ» የበርሊን ማተሚያ ቤት ምልክት ነው። ስለ እብጠቱ ፎቶግራፍ ካላየሁ አልናገርም።

ጀማሪ ነኝ

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ታለር የሚለው ቃል ራሱ ከየት መጣ?

ጠገራ

ከማዕድን መጣ፤ ጥያቄህ ከጉዳያችን አልወጣም። ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ያኪሞቭ የሚባል ቦታ አለ፤ ጀርመኖች ዮአኪምስታል ይሉታል፣ የዮአኪም ሸለቆ። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የሽሊክ መኳንንት እዚያ ባገኙት ብር ትልልቅ ሳንቲም አሳተሙ፤ ሰው «ዮአኪምስታለር» አለው፤ ስሙ ሲረዝምበት «ታለር» ብሎ ቆረጠው። ዶላርም ከዚያው የተወለደ ነው። ስለዚህ ጽሑፍ ባይኖረውም እያንዳንዱ ታለር የጉድጓድ ልጅ ነው።

የሃለዋ

እኔ የምኖረው ሃለ ነው፤ ማንስፌልድ ከእኛ ዘንድ በባቡር ቅርብ ነው። አሮጌ ኪስ ወንድሜ፣ ደስታህን ላደበዝዝብህ አልፈልግም፤ ነገር ግን ያ ጽሑፍ ቆፋሪውን ያከብራል ስትል ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

በመጀመሪያ የማንስፌልድ ድንጋይ ምን እንደሚመስል ልንገርህ። መዳብና ብር ያዘለ ጥቁር፣ እንደ ሰሌዳ የሚላጥ ድንጋይ ነው። ችግሩ ውፍረቱ ነው፤ ተቆፍሮ የሚወጣው ንጣፍ ከክንድ አይበልጥም። ከላይና ከታች ያለውን ዋጋ የሌለው ዓለት መፈንቀል ትርፉን ስለሚበላ ዋሻውን የሚከፍቱት ሰው ተጋድሞ ለመግባት በሚበቃው ልክ ነበር። ቆፋሪው በጎኑ ተኝቶ፣ አንገቱን ጠምዝዞ፣ ሙሉ የሥራ ሰዓቱን በመዶሻ ይመታል። ሕዝቡ «ክሩምሄልዘ» ይላቸው ነበር፤ አንገተ ጠማሞች ማለት ነው። ስድብ አልነበረም፤ እውነትም እንደዚያ ሆነው ይወጡ ነበር።

የተቆፈረውን ደግሞ የሚያወጡት ልጆች ነበሩ። ትንሹን ጋሪ በጠፍር ከእግራቸው ጋር ያስሩና በሆዳቸው እየተሳቡ ይጎትቱታል። ሙዚየም ውስጥ ጋሪውን አይቼዋለሁ፤ የልጄን የመጫወቻ መኪና ያህል ነው፤ ከዚያ በኋላ ምሳ አልበላሁም።

ሳንቲሙ ላይ ይህ ልጅ የት አለ? ፊቱ ላይ ንጉሥ፣ ጀርባው ላይ «በረከት»። በረከቱ ለማን እንደደረሰ ጽሑፉ አይናገርም።

አሮጌ ኪስ

እህቴ፣ ይህን አላውቅም ነበር። እውነቱን ለመናገር ሳንቲሙን ከጠረጴዛዬ ላይ አንስቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ጠገራ

ከመሳቢያው አውጣው፤ ገና አልጨረስንም።

የሃለዋ የተናገረችው ትክክል ነው። እንዲያውም ሰብሳቢዎች ለእነዚህ ብሮች የሚሰጡት የወል ስም ነገሩን ያጋልጠዋል፤ «አውስቦይተታለር» ይሏቸዋል። አውስቦይተ ማለት ማዕድኑ ወጪውን ሸፍኖ ለባለድርሻ የሚያካፍለው ትርፍ ነው። አንድ ጉድጓድ ብዙ ጊዜ በ128 ድርሻ ይከፈል ነበር፤ ድርሻው «ኩክስ» ይባላል። ጉድጓዱ ሲያተርፍ ባለኩክሱ ትርፉን ይቀበላል፤ ሲከስር ግን እንደ ዛሬው አክሲዮን እጁን አጣምሮ አይቀመጥም፣ ከኪሱ ጨምር ይባላል። ስለዚህ ለብዙ ዓመት ከኪሱ ሲያወጣ ለኖረ ሰው፣ ከገዛ ጉድጓዱ ብር የታተመ፣ የጉድጓዱ ስም ያለበት ታለር እጁ ሲገባ «በረከት» ማለቱ አይገርምም። በ18ኛው መቶ ዘመን የሃርዝ ተራራ ማዕድኖች እንዲህ ያሉ ውብ ሥራዎችን አሳትመዋል።

ያንተ የ1847ቱ ግን የዚያ ወግ ቅሪት እንጂ ራሱ ወጉ አይደለም። ፕሩሲያ ከ1826 ጀምሮ እስከ 1862 ድረስ ከማንስፌልድ ብር ያሳተመቻቸው ታለሮች ለባለድርሻ ብቻ የሚታደሉ አልነበሩም፤ ገበያ ወጥተው ዳቦ የተገዛባቸው፣ ደመወዝ የተከፈለባቸው ተራ ገንዘቦች ናቸው። ስለዚህም ነው ብዙዎቹ አልቀው የምናገኛቸው። አንድ አንገተ ጠማማ ማንስፌልዳዊ የራሱን ጉድጓድ ስም ያለበትን ብር በእጁ ይዞ አያውቅም ብሎ የሚምልልኝ አለ?

የሃለዋ

አልምልም፤ ይዞ ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን ለባለሱቁ አስረክቦታል።

የአንጥረኛ ልጅ

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። ክርክራችሁን በደስታ እየተከታተልኩ ነበር፤ የእኔ ጉዳይ እብጠቱ ነው። አሮጌ ኪስ፣ ጠርዙን ከጎን አንሣልን።

አሮጌ ኪስ

ፎቶግራፉን ለጥፌዋለሁ። ጠርዙ ላይ «ጎት ሚት ኡንስ» የሚል ጽሑፍ ይዞራል፤ ከእኛው «አማኑኤል» ጋር አንድ ትርጉም ነው። እብጠቱ አንዱን ፊደል ሸፍኖታል። ቀለሙ ከሌላው ትንሽ ይቢጫል።

የአንጥረኛ ልጅ

እንደገመትኩት ነው። ጆሮ ነበረው። አንድ ሰው አንገቱ ላይ ወይም የሰዓት ሰንሰለት ላይ ሊያንጠለጥለው ቀለበት አስበይዶበት፣ ሌላው ደግሞ በኋላ ነቅሎ በሞረድ አስተካክሎታል። ቢጫው የብየዳው ነው፤ ብየዳ ከሳንቲሙ ቀድሞ መቅለጥ ስላለበት ቅይጡ ይለያል።

አባቴ ዘንድ የሚመጡ ጠገራዎች ግማሾቹ እንዲህ ያለ ጠባሳ ነበረባቸው። የሙሽራ አንገት ላይ ውለው፣ ችግር ሲመጣ ጆሯቸው ተነቅሎ እንደገና ወደ ገበያ የወጡ ናቸው። የባሰባቸው ደግሞ መስቀልና አምባር ሆነው ቀርተዋል፤ አባቴ ራሱ ስንቱን አቅልጧል። ጀርመን አገርም እንዲህ ይደረግ እንደነበር ስታዩ ብር የሚወድ ሰው የትም አንድ ነው።

ሰብሳቢዎች ይህን እንደ ጉዳት ስለሚቆጥሩት ዋጋው በብዙ ይወርዳል። ሻጯ ቶሎ ቶሎ የቀነሰችልህ ስለምታውቅ ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ብየዳውን ላስለቅቅ ብለህ እሳት አታስጠጋው፣ አትሞርደው፣ በጥርስ ሳሙናና በሎሚም አታሸው። የጠቆረ ብር 170 ዓመት ፈጅቶ የጠቆረ ነው፤ አንድ ጊዜ ካነጣኸው ያ ቀለም በአንተ ዕድሜ አይመለስም።

እውነተኛነቱን ማረጋገጥ ከፈለግህ ዘዴ አለ። ብርጭቆ ውኃ ሚዛን ላይ አስቀምጥና ሚዛኑን ዜሮ አድርግ። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አንጠልጥለህ ታችም ጎንም ሳይነካ ውኃው ውስጥ አጥልቀው። የምታነበው ቁጥር ሳንቲሙ የገፋው ውኃ ክብደት ነው። የሳንቲሙን ክብደት ለዚያ ቁጥር አካፍለው። ለከመቶ 75 እጅ ብር ወደ 10 የተጠጋ ካገኘህ ደህና ነው። ጥርት ያለ መዳብ ቢሆን 9 እንኳ አይሞላም።

ጀማሪ ነኝ

እኔም ቤት ባለኝ ጠገራ ሞከርኩት፤ 10.2 ሰጠኝ። እናቴ ብሩን ውኃ ውስጥ አንጠልጥዬ ስታየኝ ምን ነካው ብላ ተደናግጣለች።

ተራራ ወጪ

ቪየና ነው ያለሁት። ሰብሳቢ አይደለሁም፤ የማዕድን ታሪክ ግን ተምሬአለሁ። የሃለዋ እህቴን በአንድ ነገር ልቃወማት።

የማዕድን ሠራተኛውን ሥቃይ ብቻ አይተን ኩራቱን ካላየንለት እኛም እንደ ሳንቲሙ እንሰርዘዋለን። እነዚህ ሰዎች ተራ የቀን ሠራተኛ ነን አይሉም ነበር። የራሳቸው የክብር ልብስ፣ የራሳቸው ሰልፍ፣ የራሳቸው ሰላምታ ነበራቸው። «ግሉክ አውፍ» ይባባላሉ፤ ዓለቱ ተከፍቶ ማዕድኑ ይገለጥልህ፣ በደህናም ውጣ የሚል ምኞት ነው። ሁለቱ የተመሳቀሉ መዶሻዎች ዛሬ በየካርታው ማዕድንን የሚያመለክቱት ከእነርሱ ነው። ለታመመና ለሟች ቤተሰብ የሚያዋጡበት ማኅበር፣ «ክናፕሻፍት» የሚባለው፣ በ1260 በጎስላር አካባቢ በተጻፈ ሰነድ ላይ ሲጠቀስ እናገኘዋለን። ዕድር ማለት ነው፤ ሌላ ቃል አላገኘሁለትም።

ሃርዝ ውስጥ ክላውስታል የሚባለውን ቦታ አስቡት። በ1830ዎቹ ጉድጓዱ ከመጥለቁ የተነሣ ቆፋሪው ሥራ ሳይጀምር መሰላሉ ያደክመው ነበር። በ1833 «ፋርኩንስት» የሚባል ዘዴ አመጡ፤ ሁለት ረጃጅም ዘንጎች ጎን ለጎን አንዱ ሲወጣ አንዱ ይወርዳል፣ ሰውየው ከአንዱ እርካብ ወደ ሌላው እየተሻገረ ያለ መሰላል ይወጣል። በዓመቱ እዚያው የሽቦ ገመድ ተሠራ። ዛሬ ሊፍት የሚያነሣን ያ ገመድ ነው። የሐኖቨር መንግሥት በ1850ዎቹ «የሃርዝ ተራራ ማዕድን በረከት» እያለ ታለር ሲያሳትም፣ እኔ በረከት የምለው ብሩን ሳይሆን ይህን ብልሃት ነው።

የሃለዋ

ዕድሩን እቀበላለሁ። የጎረቤቴ አያት በክብር ልብሱ የተነሣው ፎቶግራፍ ግድግዳቸው ላይ ነው፤ እንደ ጀኔራል ቆሟል። ከቤታቸው ስወጣ እስከ ዛሬ «ግሉክ አውፍ» ነው የሚሉኝ። የመጨረሻው ጉድጓድ ግን በ1990 ከተዘጋ ወዲህ ልጆቻቸው ሥራ ፍለጋ ወደ ምዕራብ ተሰደዋል። ከባቡር መስኮት ከጉድጓዱ የወጣውን የማይጠቅም ድንጋይ ክምር ስታዩት የግብፅ ፒራሚድ ይመስላል፤ ሕዝቡም ፒራሚድ ነው የሚለው። ሐውልቱ ያ ነው ለእኔ።

ግን ሳንቲሙ ዕድሩን ያነሣል? አያነሣም። ያልኩት ያንን ብቻ ነው።

ጠገራ

ሁለታችሁም ልክ ስለሆናችሁ ለሽማግሌ ሥራ አላስቀራችሁልኝም። እኔ ወደ መሰብሰቡ ልመልሳችሁ፤ ልጁ የጠየቀው እርሱን ነበር።

አሮጌ ኪስ፣ በማንስፌልድ መጀመርህ ጥሩ ነው። ለብዙ ዓመታት የታተመ ስለሆነ እየመረጥህ መግዛት ትችላለህ። ሦስት ንጉሥ ታገኛለህ፤ ሦስተኛው ፍሬድሪክ ቪልሄልም፣ ያንተው አራተኛው፣ በመጨረሻም ቀዳማዊ ቪልሄልም። በክብደት ደግሞ ከ1857 በፊትና በኋላ። አራት ወይም አምስት ሳንቲም አሰልፈህ የጀርመንን የገንዘብ ታሪክ ለልጅህ ማስተማር ትችላለህ።

ልብህ የሚሰነጠቅበትን ካሻህ ግን የአንሃልት በርንቡርግን ፈልግ። ይህች ግዛት በካርታ ላይ አውራ ጣት የምትሸፍናት ናት፤ ሃርዝ ጫፍ ላይ የብር ማዕድን ነበራት። በ1846፣ በ1852ና በ1855 ያወጣችው ታለር ላይ ዘውድ የጫነ ድብ በግንብ አናት ላይ ይራመዳል፤ በዙሪያው «የአንሃልት ማዕድን በረከት» ይላል። ድቡ የስሟ ምልክት ነው። በ1861ና በ1862 በአዲሱ ክብደት ደገመችው፤ በ1863 መስፍኑ ያለ ወራሽ ሞተና ግዛቲቱ ራሷ በዘመዶቹ እጅ ገብታ ጠፋች። የቀረው ድቡ ነው። ውድ ነው፤ እኔ የገዛሁት ጡረታ በወጣሁበት ዓመት ነው፤ ባለቤቴ ዋጋውን እስከ ዛሬ አታውቅም፤ እዚህም አልጽፈውም።

የሳክሶኒው ንጉሥ የዮሐን ዘመን የማዕድን ታለር ደግሞ እስከ 1871 ድረስ ይሄዳል። የፍራይበርግ ብር ነው፤ እዚያ ማዕድን የተገኘው በ1168 ነው ይባላል። ታሪኩ መራራ ነው። ጀርመን ከ1871 በኋላ ወደ ወርቅ ገንዘብ ዞረች፤ የብር ዋጋ ወደቀ፤ ፍራይበርግ ከኪሳራ ወደ ኪሳራ ሄዶ በ1913 ተዘጋ። ሰባት መቶ ዓመት ለገንዘብ ብር ያቀረበ ጉድጓድ፣ ገንዘቡ ራሱ ፊቱን ሲያዞርበት ሞተ። የድሮዎቹ ታለሮች በአዲሱ ገንዘብ በሦስት ማርክ ሒሳብ እስከ 1907 በገበያ ቆይተው ታገዱ፤ የተመለሱትም ቀለጡ። ያንተን ምናልባት ያዳነው ያ ጆሮ ነው፤ አንገት ላይ ስለነበረ ወደ ባንክ አልሄደም።

የአንጥረኛ ልጅ

ጋሼ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ጠባሳው አዳነው ማለት ነው።

ጀማሪ ነኝ

ቅዱስ ጊዮርጊስ ያለበት የማንስፌልድ ብር በኢንተርኔት አየሁ። ልግዛው?

ጠገራ

ቆይ፣ አትቸኩል። እርሱ የ1915 ሦስት ማርክ ነው፤ ማንስፌልድ ወደ ፕሩሲያ የገባችበትን መቶኛ ዓመት ለማሰብ 30,000 ብቻ ታትሟል። የ19ኛው መቶ ዘመን ባይሆንም ሐበሻ ሲያየው ልቡ መደንገጡ አይቀርም፤ ፈረሱ፣ ጦሩ፣ ዘንዶው ሁሉ አለ። ጊዮርጊስ ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በማንስፌልድ መኳንንት ታለር ላይ የነበረ ነው። ቅጂው ግን በዝቷል። በርካሽ ያገኘኸው ከሆነ ጊዮርጊስ ሳይሆን ዘንዶው ነው የሸጠልህ። የውኃውን ፈተና ሳትፈትን፣ ከታወቀ ነጋዴ ካልሆነም በስተቀር፣ እጅህን አታስገባ።

አሮጌ ኪስ

ዛሬ ጠዋት የወጥ ቤቱን ሚዛን ትቼ ከአንድ ወዳጄ የወርቅ ሚዛን ተውሼ ለካሁ። 22.14 ግራም። ውኃው ውስጥ 2.2። ሲካፈል 10 ከጥቂት ነጥብ። እውነተኛ ነው!

ብየዳውን አልነካሁትም፤ አላጸዳሁትምም። የሃለዋ እህቴ፣ በሚቀጥለው ወር ዕረፍት አለኝ፤ ማንስፌልድ ልሄድ አስቤአለሁ። ያንን ጋሪ ያየሽበት ሙዚየም ቅዳሜ ይከፈታል?

የሃለዋ

የሚከፈትበትን ቀን ጠይቄ እነግርሃለሁ። ጉብኝት የሚወስዱበት ጉድጓድም አለ፤ ሹራብ ያዝ፣ ከመሬት በታች በበጋም ይበርዳል። ሳንቲሙንም ይዘህ ና፤ ለጎረቤቴ ላሳየው።